ሲጋር በጆሮ የሚመረምሩልን ይኑሩልን

ሰሞኑን ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ሰርግ ላይ «ኦሪጅናል የኩባ» ሲጋር ታደለን። እናንተም ሳይደርሳችሁ አልቀረም። ክትፎው ተበልቶ ውስኪው ሲከፈት ከመኪና የሚመጣውን ሳጥን ታውቁታላችሁ። ኮሂባ ይላል፤ ስመ ጥሩው የኩባ ሲጋር ነው። ክዳኑ መስታወት ነው።

እንግዲህ ሊቃውንቶቻችንን ላመስግን። ኩባን ካርታ ላይ ፈልጉ ቢባሉ ይቸገራሉ፤ ሲጋሩን ግን አንዴ በአፍንጫቸው ሳብ አድርገው «የራሷ ነው!» ይላሉ። አንዱ በጣቱ ጫን ጫን ያደርገዋል። አንዱ አመዱ እስኪነጣ ይጠብቃል። አንዱ ዋጋውን ብቻ ይጠይቃል፤ ከተወደደ ምርመራው አለቀ።

እኔ ግን የምሞትለት አዳማጩን ነው። ሲጋሩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ አሸት አሸት አደረገው። ዓይኑን ጨፈነ። «እስቲ አንዴ ዝም በሉ» አለ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። አልበቃውም፤ ዲጄው ድምፅ እንዲቀንስ ልጅ ላከ። እስክስታ ወራጆቹ ትከሻቸውን እንዳነሡ ቀሩ። ሙሽሮቹ ኬኩ ላይ ቢላዋ እንደያዙ ጠበቁ። «ቩዬልታ አባሆ» አለ በመጨረሻ፤ በትምባሆው የታወቀውን የኩባ አካባቢ መጥራቱ ነው። አጨበጨብን። «ቆይ፣ አልጨረስኩም።» በሌላኛው ጆሮው ደገመው። ቅጠሉ የበቀለው ከወንዙ በስተቀኝ ነው። የዚያን ዓመት ዝናቡ ዘግይቷል። የጠቀለለችው ሴት ግራኝ ናት። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ጠቆረ፤ ለካ ሴትዮዋ የዚያን ዕለት ከአለቃዋ ጋር ተጣልታለች። የሙሽራው እናት «እኔን!» ብለው ደረታቸውን ያዙ።

ሳጥኑን ገልብጦ ያየ ግን የለም። ኮሂባ የመስታወት ክዳን ባለው ሳጥን ወጥቶ አያውቅም። የእውነተኛው ሳጥን ሥር «ኤቾ ኤን ኩባ» (ኩባ ውስጥ የተሠራ) የሚል ጽሑፍ ታትሞበታል፤ የፋብሪካው ኮድና የታሸገበት ወርና ዓመትም አለ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሳጥኑ ማኅተም ላይ ሆሎግራምና ባርኮድ ተጨምሯል። ይህን ለማየት ዓይን ይበቃል። ሊቅ ግን በዓይን አይሠራም።

ያመጣው ወንድማችንም ሊመሰገን ይገባዋል። ሃቫና ጎዳና ላይ ነው የገዛው። የሻጩ የአክስት ልጅ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። እዚያ ጎዳና ላይ ቱሪስት የሚጠራ ሁሉ ፋብሪካ የሚሠራ ዘመድ አለው፤ ፋብሪካው ያን ሁሉ ዘመድ እንዴት እንደቻለው እንጃ። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኩባ ሲጋር ይዞ አሜሪካ መግባት ክልክል ነው። ታዲያ እንዴት አለፈ? ሲሉት ይጠቅሳል። ጥቅሻው ራሱ የጥራት ማረጋገጫ ነው።

ቀልዱ ይቁምና፣ ይሄ ነገር ያበግነኛል። ትምባሆው በሚበቅልበት የኩባ ክፍለ ሀገር፣ ፒናር ዴል ሪዮ ላይ፣ ገበሬው ያን ቅጠል ሲያባብል ይከርማል። ሲጋሩን የሚጠቀልለው ሠራተኛ ሙሉውን ቅጠል እያጠፈ በእጁ ይሠራዋል። እኛ ከወለል የተጠረገ የሚመስል ብጥስጣሽ ላይ የእነሱን ስም ለጥፈን እናጨበጭባለን! አንድ ልጅ ደፍሮ «ፌክ ይመስላል» ቢል «ቅናት ነው» ተብሎ አፉን ያዘ። የጎዳናው ሻጭስ እንጀራው ነው። እያወቁ አንገታቸውን የሚነቀንቁት ምን በወጣቸው?

ለሚቀጥለው ሰርግ አንድ ሐሳብ አለኝ። ከሱቅ በደረሰኝ የተገዛ የዶሚኒካን ወይም የኒካራጓ ሲጋር አለ። ጥሩ ነው፤ ሕጋዊም ነው። ችግሩ አገሩም ዋጋውም ተጽፎበታል። ማን ጆሮውን ይሰጠዋል?