የ16 ዓመት ልጅ ላይ ዕድሜ ልክ የምትፈርዱ፣ እስቲ ስሙኝ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት። አንድ ልጅ ሰው ገደለ ተብሎ፣ እጁ በካቴና ታስሮ ፎቶው በተለቀቀ ቁጥር ከሥሩ የምትጽፉትን አነባለሁ። «ዕድሜ ልክ ይገባዋል»። «ዕድሜ ልክም ያንሰዋል»። «ይሰቀልልን»። የሳቅ ኢሞጂ የሚጨምርበትም አለ፣ ምኑ እንዳሳቀው እንጃ። ክስ አልተመሠረተም፣ ምስክር አልተሰማም፣ የልጁ ዕድሜ እንኳ ገና አልተጣራም፤ እናንተ ግን ፈርዳችሁ፣ ቅጣቱን ወስናችሁ፣ ሼር አድርጋችሁ ወደ ሌላ ቪዲዮ አልፋችኋል። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል ነበር። ዘንድሮ ጣትም ያመልጣል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንተማመን። ልጇ የተገደለባትን እናት አይደለም የምቆጣው። እሷ የፈለገችውን ትበል። በቀጠሮ ቀን ልደታ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው አይቷታል፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የልጇን ፎቶ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዟት ደረጃውን ስትወጣ። «ገመድ ይግባለት» ብትል አፏን የሚይዝ ማን ነው? እኔ የምናገረው ሟችንም ገዳይንም ለማናውቀው፣ አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ማኪያቷችን እስኪመጣ ድረስ ሰው ለምንሰቅለው ነው።

ለመሆኑ ሕጉ ምን እንደሚል አይታችሁታል? በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ልጆችን ሦስት ቦታ ይከፍላቸዋል። ከ9 ዓመት በታች ያለ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ወጣት ጥፋተኛ ይባላል፣ ጉዳዩ በዝግ ችሎት ይታያል፣ እርምጃውም ለብቻው ነው፤ የቱንም ያህል ከባድ ወንጀል ቢሠራ የሚያዝበት ጊዜ ከ10 ዓመት አያልፍም። ይህ የ9 እና የ15 መስመር ደግሞ ትናንት የመጣ አይደለም፣ በ1949 የወጣው የንጉሡ ዘመን ሕግም ላይ ነበረ።

ጣጣው ያለው ከ15 አልፎ 18 ያልሞላው ላይ ነው። እሱ የሚዳኘው በመደበኛው ድንጋጌ፣ እንደ አዋቂው ነው። ዳኛው ዕድሜውን አይቶ ሊያቀልለት ይችላል። «ይችላል» ነው እንግዲህ፣ ይገደዳል አይልም። ሞት ግን ሕጉ በግልጽ ከልክሎታል፣ ስለዚህ «ይሰቀል» የምትሉ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ዕድሜ ልክ ግን እንደ ሞት ተለይቶ አልተከለከለም። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቷል፣ እናንተም በዚያ በኩል ነው ግፊያውን የያዛችሁት።

እሺ፣ ተሳካላችሁ እንበል። 16 ዓመቱ ነው፣ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፣ ቃሊቲ ገባ። ከዚያስ? በእኛ ሕግ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። በ36 ዓመቱ ይወጣል ማለት ነው። ሙያ ሳይኖረው፣ ትዳር ሳይዝ፣ አንድ ቀን እንኳ ተቀጥሮ ደመወዝ ሳይቆጥር፣ ጢም ያወጣው እዚያ፣ ሰው መሆን የተማረው ከማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። እናትና አባቱ በሕይወት ካሉ ነው ደግሞ። ሰፈሩም ቢሆን አይጠብቀውም፤ ፒያሳና ካዛንቺስ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዴት እንደሆኑ አይተን የለ፣ እኛ ነፃዎቹ እንኳ መንገዱ ጠፍቶናል። ያ ሰው የሚኖረው እናንተ አጠገብ ነው። የምትሳፈሩበት ታክሲ ላይ ነው የሚሳፈረው። እንግዲህ ምን ሆኖ እንዲወጣ እንደምትፈልጉ አንዳችሁም ስትጽፉ አላየሁም።

«የለም፣ ጭራሽ እንዳይወጣ» የምትሉም አላችሁ። ይህን ያደረገች አገር አለች፣ አሜሪካ። እዚያ ሄንሪ ሞንትጎመሪ የሚባል ሰው በ17 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ሉዊዚያና ውስጥ አንድ የሸሪፍ ረዳት ገደለ ተብሎ ያለ አመክሮ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የወጣው በ2021 ነው፣ በ75 ዓመቱ። በዚያ መሐል የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ ቀስ በቀስ ሲያፈገፍግ ኖሯል። በ2005 ዕድሜው 18 ሳይሞላ ላጠፋ ሞት አይፈረድም አለ፣ በ2010 ሰው ላልገደለ ልጅ ያለ አመክሮ ዕድሜ ልክ አይሆንም አለ፣ በ2012 ደግሞ ገዳይም ቢሆን ዳኛው ልጅነቱን ሳይመዝን ሕጉ በግዴታ አያስፈርድበትም አለ። በ2021 ትንሽ መልሶ አጠበቀው እንጂ። ሰዎቹ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ሊወጡበት የሚታገሉበትን ጉድጓድ ነው እናንተ ዛሬ ቆፍሩልን የምትሉት።

ደግሞ ይህ 16 ዓመት የሚባል ነገር እኮ ሲመቸን ትንሽ፣ ሳይመቸን ትልቅ ነው። ወረዳ ሄዶ መታወቂያ ስጡኝ ቢል 18 ሳይሞላህ ብለው ይመልሱታል። መምረጥ አይችልም። ያለ ልዩ ፈቃድ ማግባት አይችልም። ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ሲያወራ አፉን ከከፈተ «አንተ ምን አገባህ!» ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እያልን ሊጥ እንኳ የማናምነውን ልጅ ወንጀል የሠራ ዕለት ሙሉ ሰው አደረግነው።

ዕድሜው 16 መሆኑንስ በምን አወቃችሁ? ወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2008 ነው። ዛሬ ካቴና የገባላቸው ብዙዎቹ ልጆች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው፣ የልደት ሰርተፍኬት የሚባል አያውቁም። እናትየው «የጥምቀት ሰሞን ነው የወለድኩት፣ ታላቁ በእግሩ ሲሄድ» ትላለች። ፖሊስ ሲያየው 19 ይመስለዋል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ይላካል፣ የእጁ አጥንት በራጅ ይታያል፣ ጥርሱ ይታያል። ራጅ ደግሞ ቁርጥ ያለ የልደት ቀን አይነግርም፣ ግምት ነው የሚሰጠው። በርሃብ ያደገ ልጅ ያነሰ፣ ቶሎ የጎረመሰ ልጅ የበሰለ ሊመስል ይችላል። እንዲህ ያለ ግምት ላይ ነው ዕድሜ ልክ ካልተጫነ የምትሉት።

«ሌላው ይማርበታል» የምትሉትም አልገባኝም። ማን ነው የሚማረው? ጓደኞቹ ፊት ተሰድቦ ደሙ ፈልቶ ስለት የመዘዘ ልጅ አንቀጽ አይቆጥርም። ሃያ ዓመት ለሱ ከኖረው ዕድሜ የሚበልጥ ቁጥር ነው፣ ከየት አምጥቶ ይፈራዋል? አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ትልልቆቹ ናቸው ልጆቹን የሚልኳቸው፣ ቅጣቱ ስለሚቀልላቸው» ትላላችሁ። ጥሩ፣ እውነት ከሆነ የላከውን ያዙልና! ላኪውን ትቶ ተላኪውን ዕድሜ ልክ ማሰር ለላኪው ምኑም አይደለም፣ ነገ ሌላ ልጅ ይልካል።

ታዲያ ተቆንጥጦ ይለቀቅ ወይ? አላልኩም። ተራ የሚባለው የሰው ግድያ እንኳ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ዳኛው እጁ ላይ ብዙ ዓመት አለው። የሞተውም የሰው ልጅ ነው፣ ደሙ ደመ ከልብ ይሁን የሚል የለም። እኔ የምለው ሰው አድርጎ የሚያወጣ ቅጣት ይቀጣ ነው። ከአዋቂ እስረኛ ተለይቶ ይያዝ፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ የጻፈው ነው። ይማር፣ ሙያ ይያዝ፣ ቤተሰቡ ይጠይቀው። የአፍሪካ የሕፃናት መብትና ደኅንነት ቻርተርም የሚለው ይህንኑ ነው፣ የቅጣቱ ዋና ዓላማ ልጁን ማረም፣ ከቤተሰቡ መቀላቀልና ወደ ኅብረተሰቡ መመለስ ነው ይላል። ቻርተሩ የጸደቀው ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ በሐምሌ 1982። የዛሬው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ የቆመበት ግቢ የድሮው ከርቸሌ፣ ዓለም በቃኝ የነበረበት መሆኑን ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ስታልፉ ልጆቻችሁን ንገሯቸው፣ ብዙዎቹ አያውቁም።

አሁን ንዴታችሁን የት እንደምታወርዱት ልንገራችሁ። ለሟች ቤተሰብ ከሆነ ልቅሶ ድረሱ፣ ቀጠሮው ሲጓተት አብራችኋቸው ፍርድ ቤት ቁሙ፤ ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ እናትየው ብቻዋን ስትቀመጥ ኮሜንት የጻፈው ሁሉ የት እንደገባ አይታወቅም። ለሕጉ ከሆነ ፓርላማው ከካፌያችሁ ጥቂት እርምጃ ላይ ነው ያለው። ያቺን የ15 ዓመት መስመር ወደ 18 ከፍ አድርጓት፣ ዕድሜ ልክንም ከሞት ጋር ጽፋችሁ ከልክሉት ብላችሁ ተወካያችሁን ወትውቱ። የልጁን ፎቶ የለጠፋችሁ ደግሞ አውርዱት፣ እህትም አለችው፣ ነገ ትምህርት ቤት የምትሄድ።