ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር ኦፊሻል ትራንስክሪፕት

ጉዳዩ፦ እርስዎን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ በእጄ ስለመንካት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ቁልቁል ስል የጫማዬ ሶል አልቋል። በተረፈ ደህና ነኝ።

ማስተርስ ልማር ብዬ ነው ደጅዎን የጠናሁት። እርስዎ ላይ የሰፈረው የዩኒቨርሲቲ ውጤት የራሴ ነው። ያቺን ሲ ፕላስ ያመጣኋት እኔው እንቅልፍ አጥቼ ነው። እርስዎን ግን መንካት አልችልም። ፖስታ ውስጥ ታሽገው፣ ክዳኑ ላይ ማህተም አርፎ፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ ነው የሚሄዱት። ሙሽራ እንኳን እንዲህ አይሸፈንም! ላኪና ተቀባይ ደግሞ በእግር ሃያ ደቂቃ አይራራቁም።

ሌላውማ ያልተለወጠ ምን አለ? ሦስት ዓመት የነበረው ዲግሪ በ2012 ፍሬሽማን ተመልሶ አራት ሆነ። ከፍተኛ ትምህርት በ2011 የራሱ ሚኒስቴር ወጣለት፤ የታፔላው ቀለም ሳይደርቅ በ2014 ትምህርት ሚኒስቴር ጠቅልሎ ወሰደው። ዩኒቨርሲቲዎቹ የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስ፣ ኮምፕሪሄንሲቭ ተብለው እንደ ልኳንዳ ሥጋ ተበለቱ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆነ። በ2015 ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣ፤ ስንት ዓመት ተምረህ 50 ከመቶ ካላመጣህ ዲግሪ የለም።

እርስዎ ግን ያው ፖስታ፣ ያው ማህተም።

ኮስት ሼሪንግን፣ ያንን የተማርኩበትንና የበላሁበትን ዕዳ፣ ለምን ጎረቤትዎ እንዳደረጉትም ገብቶኛል። ካፌ የበላኋት ሽሮ ሒሳቧ ሳይጣራ ከመደርደሪያ አይወርዱም። (ሽሮዋ ውኃ ነበረች። እሱን የመዘገበ የለም።)

ማክሰኞ መስኮቱ ጋ ደረስኩ።

«ማህተም ያዡ ስብሰባ ላይ ናቸው» አሉኝ።

«መቼ ይወጣሉ?»

«ገና አልተጀመረም።»

አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ አየሁ። ማህደሬ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ከላዩ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል። ሴትየዋ ብርጭቆውን ስታነሳ ስሜ ላይ ክብ ነገር አርፏል። ጥርት ያለ፣ ዙሪያው የሞላ። ተመታልኝ ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ክቡርነትዎ፣ እሷን ክብ እንደ ማህተም ቆጥረው ቢሄዱልኝስ?

አክባሪዎ፣
ከሰልፉ ጫፍ

ግልባጭ፦
ለሻይ ብርጭቆው