ለማይቀየሩት አንጋፋዎቻችን

«ካረጁ አይበጁ» ያለው ሰው ቱሉ ዲምቱን አላየም። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከእኛ ሰፈር አንድ ሳምንት ቢከርም ኖሮ፣ ሰው ባረጀ ቁጥር ይበልጥ እንደሚበጅ፣ ይበልጥ እንደሚሰበስብ፣ ማኅተምም ይበልጥ አጥብቆ እንደሚይዝ አይቶ ተረቱን በገዛ እጁ ይሰርዘው ነበር።

እኛ ዘንድ አንጋፋ ይከበራል። የጋራ መኖሪያ ቤታችን የነዋሪዎች ኮሚቴ የቤት ቁልፍ ከተረከብንበት ጊዜ ጀምሮ ያለው ሰብሳቢ አንድ ነው። የእድሩም ዳኛ እርሳቸው ናቸው። እሑድ ጠዋት ሜዳ የሚወርደው የጤና ቡድናችን አምበል እርሳቸው፣ አጥቂው እርሳቸው፣ ፍጹም ቅጣት ምት መቺው እርሳቸው፤ ፍጹም ቅጣት ምት መሆን አለመሆኑን ከዳኛው ጋር ተነጋግረው የሚወስኑትም እርሳቸው። የሰብሳቢነቱ ዘመን በመተዳደሪያ ደንቡ ሁለት ዓመት ነው ይባላል። ይባላል ማለቴ ደንቡ የሚገኘው በእርሳቸው መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ሁለቱ ዓመት ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር የሚያውቁትም እርሳቸውና መሳቢያው ብቻ ናቸው።

ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ታዲያ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። ወጣት የምንለው ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላውን የሁለት ልጆች አባት ነው፤ በሰፈራችን አቆጣጠር ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምርጫው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። በብሎኮቹ መካከል የተተከለው ድንኳን ጸጥ አለ። ሰብሳቢያችን ግን አልተቆጡም። ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ቡድን ያለ አንጋፋ አይቆምም። ይህን አሜሪካኖች እንኳ ያውቁታል። በቅርጫት ኳስ አርባ ዓመት ያለፈውን ሰው በሚሊዮን እየከፈሉ የሚያቆዩት ለምን ይመስልሃል? ለልምዱ ነው!» አሉት። አጨበጨብን። ወጣቱ ተቀመጠ። የሚቀጥለው አጀንዳ የተበላሸው የውሃ ፓምፕ ነበር፤ ልምድ የሚጠይቅ ጉዳይ ስለሆነ ወደ ሌላ ስብሰባ ተላለፈ።

እኔ ታማኝ ነዋሪ ነኝ። የሰብሳቢያችን ክርክር በማስረጃ ይጠናከር ዘንድ የአሜሪካኖቹን አንጋፋዎች ታሪክ ላሰባስብ ተነሣሁ። ጊዜው አልቸገረኝም። ውሃ በፈረቃ የሚደርሰን ሌሊት ነው፤ የኤን ቢ ኤ፣ ማለትም የአሜሪካኖቹ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ጨዋታዎችም አብዛኞቹ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ ዘጠኝና አሥር ሰዓት ገደማ የሚጀመሩ ናቸው። ጀሪካን እየተሞላ ኳስ ይታያል። ግን ምን ያደርጋል፣ ያገኘሁት ሁሉ የሚያሳፍር ሆነ።

ሰብሳቢያችን የጠቀሱት ሰው ዩዶኒስ ሀስለም መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2023 ሃያ የውድድር ዘመን ለአንድ ክለብ፣ ለትውልድ ከተማው ለማያሚ ሂት ቆይቶ ሦስት ዋንጫ አንሥቷል። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው፤ ሃያ ዓመት እኛም የምንወደው ቁጥር ነው። ነገር ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት የት እንደነበረ ልብ በሉ፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ! በ2020–21 የውድድር ዘመን የተሰለፈው በአንድ ጨዋታ ብቻ ነው። በዚያችም ሦስት ደቂቃ ሳይሞላው አራት ነጥብ አስቆጥሮ፣ ከተጋጣሚ ተጫዋች ጋር ተጋፍቶ ከሜዳ ተባረረ። ልምድ ማለት ይህ ከሆነ ይቅርብን። የእኛ ሰብሳቢ በአንድ ስብሰባ ከሦስት ሰው ጋር ተጣልተው ያውቃሉ፤ ድንኳኑን ለቅቀው የወጡት ሦስቱ ሰዎች ናቸው።

ይባስ ብሎ ሀስለም በ2010 ሌሎች ክለቦች ያቀረቡለትን የበለጠ ክፍያ ትቶ፣ በሚያንሰው ውል ማያሚ ቀረ። ያ ዓመት ሌብሮን ጄምስና ክሪስ ቦሽ ወደ ክለቡ የመጡበት ዓመት ነው። ከእርሱ ይበልጥ የሚደነቁ ሰዎች ወደ ቤቱ ሲገቡ፣ ከገቢው ቀንሶ በር ላይ ቆሞ ተቀበላቸው ማለት ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለው ድርጊት በመተዳደሪያ ደንቡ የተከለከለ ይመስለኛል። መሳቢያው ሲከፈት እናረጋግጣለን።

ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምን ይሠራ ነበር? ይህን ስመረምር የባሰ ነገር ገጠመኝ። በመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ማያሚ ከጎልደን ስቴት ጋር ሲጫወት፣ የቡድኑ ኮከብ ጂሚ በትለር ከአሠልጣኙ ከኤሪክ ስፖልስትራ ጋር ተካረረ። ሀስለም ከወንበሩ ተነሥቶ በተመልካችና በካሜራ ፊት ኮከቡን ተጋፈጠው። ኮከቡን! ከሁሉ የሚበልጠውን ደመወዝ የሚያገኘውን፣ ከሁሉ የሚበልጠውን ነጥብ የሚያስቆጥረውን! ለነገሩ ሀስለም የበትለርን ደቂቃም ሆነ የበትለርን ነጥብ አይመኝም፤ ስለዚህ ሲቆጣው «ቀንቶብኝ ነው» ሊባል አይችልም። ታዳጊዎቹን ሲመክርም ነገ ቦታዬን ይወስዱብኛል ብሎ አይሰጋም፤ ቦታውን አስቀድሞ ሰጥቷቸዋላ! ጠዋት ልምምድ ላይ የሚናገረው ማታ በራሱ ላይ የማያተርፍበት ሰው፣ ለካ ቡድኑ ሁሉ ይሰማዋል። የሚከፈለውም ለዚሁ ኖሯል።

እንዲህ ያለው አመራር ከእኛ ጠባይ ጋር አይሄድም። የእኛ ሰፈር ቁጣ እንደ ውሃችን ነው፤ ወደ ላይኛው ፎቅ አይወጣም። ያ እጁን ያወጣው ወጣት ለምሳሌ መካኒካል መሐንዲስ ነው። «ፓምፑን ልየው» ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ፣ «በመጀመሪያ ልምድ አካብት» ተባለ። ከማን? ፓምፑ ያለበትን ክፍል ከምረቃው ቀን ወዲህ ካልረገጡት ከሰብሳቢያችን ነዋ! ምን ጥሩ አስተማሪ አገኘ! የማይነኩትን ነገር ሌላ ሰው እንዳይነካው መጠበቅ ትልቅ ሙያ ነው፤ በአንድ ጀምበር አይገኝም።

አንድሬ ኢጉዳላ የሚባለው ደግሞ ከሀስለም ይብሳል። በሥራ ዘመኑ እስከ 2014 ድረስ ያደረጋቸውን 758 የመደበኛ ውድድር ጨዋታዎች በሙሉ የጀመረው በቋሚ ተሰላፊነት ነበር። አንድም ቀን ወንበር አላየም። የእኛ ልጅ! ታዲያ በዚያ ዓመት ስቲቭ ከር የሚባል፣ ከዚያ በፊት ቡድን አሠልጥኖ የማያውቅ ሰው ጎልደን ስቴትን ተረከበና ወንበር ላይ አስቀመጠው። በቦታው የሃያ ሁለት ዓመቱን ሀሪሰን ባርንስን አሰለፈ። ኢጉዳላ ምን አደረገ? አቤቱታ ጻፈ? አልጻፈም። ፊርማ አሰባሰበ? አላሰባሰበም። እሺ ብሎ ተቀመጠ። አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫ በሚወስድበት በ2015ቱ የፍጻሜ ግጥሚያ፣ ቡድኑ በክሊቭላንድ ክለብ 2 ለ 1 ተበልጦ ሳለ፣ ከአራተኛው ጨዋታ ጀምሮ በቋሚነት አስገቡት። ጎልደን ስቴት ሦስቱን ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ ከአርባ ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሣ፤ የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋችም ኢጉዳላ ተባለ። ይህን ለሰብሳቢያችን ብነግራቸው፣ «አየህ፣ አንጋፋውን መልሰው አስገቡት አይደል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከአንድ ታሪክ የሚጠቅመውን ጫፍ ብቻ መዝዞ ማውጣትም ልምድ ይፈልጋል።

የሳን አንቶኒዮ ክለብ ኮከብ የነበረውን የቲም ደንከንን ነገር አልነገርኳቸውም። በ2012 ውሉን ሲያድስ የዓመት ክፍያው ከ21 ሚሊዮን ዶላር ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ ወረደ፤ ክለቡም በተረፈው ሌሎች ተጫዋቾችን አቆየበት። ሳን አንቶኒዮ በ2014 ማያሚን 4 ለ 1 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። እንዲህ ያለ ወሬ የኮሚቴያችንን የስልክና የትራንስፖርት አበል ሊያስነካ ስለሚችል በጀሪካኖቹ መካከል ቀበርኩት።

ተስፋ ልቆርጥ ስል ቢል ረስልን አገኘሁ። ሁለት ወንበር በአንድ ጊዜ! ከ1966 እስከ 1969 ቦስተን ሴልቲክስን ተጫዋችም አሠልጣኝም ሆኖ መራ፤ በ1968 እና በ1969 ዋንጫ አነሣ። «ይኸው፣ ሰብሳቢም የእድር ዳኛም!» ብዬ ደስታው ጀሪካኑን አስረሳኝ፤ ኮሪደሩ በውሃ ተጥለቀለቀ። ንባቡን እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ለካ ረስል በ13 የውድድር ዘመን 11ኛውን ዋንጫ ካነሣ በኋላ፣ ገና በ35 ዓመቱ ሁለቱንም ሥራ ጥሎ ሄዷል። እያሸነፈ! ማንም ሳይገፋው! «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምትል አያት አልነበረችውም መሰለኝ።

ኋላ ላይ ስረዳ ግን ጥፋቱ የተጫዋቾቹ አይደለም፤ ያበላሻቸው ሕጉ ነው። በዚያ ጨዋታ አጥቂ ቅርጫቱ ሥር ባለው በተቀባው ክልል ውስጥ ከሦስት ሴኮንድ በላይ ከቆመ ፊሽካ ይነፋበታል። ከ1954 ጀምሮ ደግሞ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሴኮንድ ውስጥ እንዲወረውር ይገደዳል። መቆም የማይፈቀድበት፣ ይዞ መቆየት የሚያስቀጣበት ጨዋታ አንጋፋ ከየት ያፈራል? በእሑዱ የጤና ቡድናችን እንዲህ ያለ ነውር የለም። ሰብሳቢያችን ከተጋጣሚ በረኛ አጠገብ ቆመው ኳስ ይጠብቃሉ፤ ከጨዋታ ውጪ የሚባል ነገር በእርሳቸው ላይ አይሠራም። ከሜዳው ዳር ሦስት ተቀያሪዎች ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ሰውነታቸውን ያሟሙቃሉ። ከመካከላቸው አንዱ በማሟሟቅ ብቻ ስምንት ኪሎ ቀንሷል፤ ስለዚህ ቡድኑ ለጤና ነው መባሉ ሐሰት አይደለም።

ይህን ሁሉ ካጠናሁ በኋላ ለኮሚቴው የውሳኔ ሐሳብ አቀረብኩ። ሰብሳቢያችን ለአንድ ሳምንት ማያሚ ሄደው ለሀስለምና ለመሰሎቹ የልምድ ልውውጥ ቢያደርጉ፣ ከወንበር አለመነሣት እንዴት እንደሚቻል ቢያስረዱ፣ ለዓለም የቅርጫት ኳስ ትልቅ አስተዋጽኦ ይሆናል አልኩ። ሐሳቡ በጭብጨባ ጸደቀ። ቪዛ፣ ቲኬት፣ አበል፣ ሁሉም ተነጋገርንበት። በመጨረሻ ጸሐፊው አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ለዚያ አንድ ሳምንት ማኅተሙ ማን ዘንድ ይቆይ? ድንኳኑ እንደገና ጸጥ አለ። መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰብሳቢያችን ቀና ብለው አዩትና ጉዞው ለጊዜው እንዲቀር፣ በምትኩ ሀስለም ራሱ ወደ ቱሉ ዲምቱ እንዲመጣ ደብዳቤ እንዲጻፍለት አዘዙ። ደብዳቤውን እንዳረቅቅ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ረቂቁን አነበቡና ከግርጌው አንድ ዐረፍተ ነገር በእጃቸው ጨመሩበት፤ እንግዳው የሚቀመጥበትን ወንበር ይዞ ይምጣ፣ እዚህ ያሉት ሁሉ ተይዘዋል።