ዘርፍ ከመምረጥ በፊት የተግባር ልምምዱ ይቅደም
ያነበብኩት አንድ የሙያ ምክር ጽሑፍ የሥነ ምግብ ሕክምና ባለሙያ ለመሆን የሚሻ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚሠማራበትን ዘርፍ እንዲመርጥ ይመክራል፤ እኔ ግን ምርጫው በባለሙያ ክትትል ከሚደረገው የሆስፒታል ልምምድ በኋላ ቢሆን የተሻለ ነው እላለሁ። ለረጅም ጊዜ ምግብ ያጣ ሕመምተኛ በአንድ ጊዜ ብዙ ቢመገብ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት የተባለ ማዕድን በድንገት አሽቆልቁሎ የልቡ ምት ሊታወክ እንደሚችል በክፍል ውስጥ መማርና፣ ለዚያው ሕመምተኛ የዕለቱን የምግብ መጠን ወስኖ የላቦራቶሪ ውጤቱን እየተከታተሉ ቀስ በቀስ መጨመር እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ተማሪው ለዚህ ኃላፊነት ዝንባሌ እንዳለው የሚያውቀውም እዚያው አልጋው አጠገብ ነው። የፈቃድ መስፈርትንም አስቀድሞ ማጣራት ይገባል፤ ለምሳሌ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ አዲስ አመልካቾች በባለሙያነት ለመመዝገብ የሚያበቃውን ፈተና ለመውሰድ ቢያንስ የማስተርስ ዲግሪ ይጠየቃሉ። የትምህርቱን ጊዜና ወጪ በቀጥታ የሚወስነው ይህ ሆኖ ሳለ ጽሑፉ ሳያነሳው ማለፉ አሳዝኖኛል።