ዘፈኑን ማን ይናገርለት?

ከፒያሳ ወደ ስታዲየም በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ዕድሜው ሃያ ግድም የሚሆን ረዳት የሰበሰባቸውን ብሮች በጣቶቹ መሃል እያጠፈ የጥላሁን ገሠሠን አንድ አዝማች ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ሬዲዮው ተዘግቶ ነበር። ቸርችል ጎዳና ላይ «ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ አቋረጠውና በሩን ሲከፍት፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት የቀረውን ስንኝ በዝግታ ጨረሱለት። ጥላሁን ያረፈው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ልጁ ያኔ ገና ሕፃን ነበር።

የምኖረው በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሲሆን፣ ያለ አሳታሚ በራሴ ገንዘብ ዘፈን አስቀርጬ የማወጣ ሙዚቀኛ ነኝ። በዚያ አገር የእንዲህ ያለ ሰው ግማሽ ሥራ ራሱን ማስተዋወቅ እንደሆነ ገና ሲጀምር ይነገረዋል። ከመድረክ ወርዶ ሸክላና ካናቴራ ከደረደረበት ጠረጴዛ ኋላ ይቆማል፣ የአድማጮቹን ኢሜይል ይመዘግባል፣ ቀጣዩ ዝግጅት የትና መቼ እንደሆነ ይናገራል፤ ይህንንም እንደ ነውር የሚቆጥርበት የለም። እኔ ግን «እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች» እየተባለ ባደግሁበት ቤት የተማርኩት ሌላ ስለሆነ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ኋላ ሳላፍር ለመቆም ዓመታት ፈጅቶብኛል። ገበያውም ዝምታን አይታገሥም። በኢንተርኔት ሙዚቃ የሚያሰማው ስፖቲፋይ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ከቀረጻ ክፍያው ድርሻ እንዳያገኝ አድርጓል።

በካሴት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ሸክም የሚሸከመው ሌላ ሰው ነበር። ሙዚቃ ቤቱ ሞንታርቦውን ደጃፉ ላይ አውጥቶ አዲሱን ሥራ ያሰማል፤ አሳታሚው ካሴቱን ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ያደርሳል፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሰምቶ፣ ከወደደው ይገዛል። አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ የማሳተም መብቱ የአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ሆኖ ሳለ ክልከላውን ደፍሮ ነበር የገባበት። ዘፋኙ ስለ ራሱ አንድ ቃል ሳይናገር፣ በዘፈኑ አምኖ ገንዘቡንና ስሙን የሚያስይዝለት ሰው ነበረው ማለት ነው። ዛሬ እነዚያ ሙዚቃ ቤቶች አብዛኞቹ የሉም፤ የፒያሳም ሰፊ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ወጣቱ ድምፃዊ «ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ አድርጉ» እያለ የራሱ ሞንታርቦ ሆኗል፤ በዚህም ልንወቅሰው አይገባም።

የሚያሳስበኝ ጭንቀቱ ወደ ድርሰቱ ውስጥ መግባቱ ነው። አንድ ጀማሪ ድምፃዊ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ጋብዞኝ እንዳጫወተኝ፣ ለክሊፑ ያወጣው ገንዘብ ለግጥሙ፣ ለዜማውና ለቅንብሩ ካወጣው ሁሉ ይበልጣል፤ አዝማቹ በመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ሰከንዶች እንዲመጣ ሲባልም ሁለተኛው ቤት ተቆርጦ ወጥቷል። በእኔ እምነት ማስታወቂያ አድማጭን ወደ ዘፈኑ አንድ ጊዜ ያመጣዋል፤ ተመልሶ የሚያመጣው ግን በአዝማቹና በስንኞቹ መሃል ያለው ነገር ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። አድማጩ ስንኝ ሰጥቶ «ተቀበል!» ሲል አዝማሪው ወዲያው በማሲንቆው ይዞ ይደግመዋል፤ ስንኙ አጭር ካልሆነ፣ ቤት ካልመታ፣ ለሌላ ሰው አፍ ካልተመቸ እዚያው ይወድቃል። አድማጩ ራሱ የዘፈኑ ባለቤት ስለሚሆን፣ ዘፈኑን ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ማንም ሳይለምነው ነው። የጥላሁን አዝማች ያለ ሬዲዮ በረዳቱ አፍ የቆየውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሙሉ ባንድ አጅቦት የተቀረጸ ቢሆንም፣ ባንዱ ሲወሰድ ዜማው አይፈርስም።

ሌላም ልዩነት አለ። እኔ በምኖርበት ያለ አሳታሚ የሚሠራ ሙዚቀኛ ብዙ ጊዜ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ስለሚጽፍ፣ ሲያስተዋውቅ የሚናገረው ስለ ገዛ ድርሰቱ ነው። በአገር ቤት ግን ግጥም ደራሲው፣ ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪውና ድምፃዊው አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ማስታወቂያው ሁሉ በአንዱ ፊት ላይ ሲያርፍ የቀሩት ይረሳሉ። የ1996ቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው የስሙን መጠቀስ መብት ቢሰጠውም፣ ስም የሌለበትን ክሊፕ በየቀኑ እናያለን።

ድምፃዊውን የተቆረጠውን ቤት ያለ ስልክና ያለ ቅንብር እንዲያንጎራጉርልኝ ጠየቅሁት። ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ፣ በትዝታ ቅኝት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ዘፈነው፤ ከቀረው ዘፈን ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር፤ ይህንኑ ነገርኩት። የማን ግጥም እንደሆነ ስጠይቀው አንዲት ልጅ እንደጻፈችው ነገረኝ፤ ስሟ ግን በዩቲዩቡ መግለጫ ውስጥ አልነበረም። ስልኩን አውጥቶ እዚያው መጻፍ ጀመረ። የአባቷን ስም ስላላወቀው ደወለላት።