ማስተካከያ፦ ስለ ዊልያም ዳውሰን የመዘምራን መሪነትና ሲምፎኒ

ስለ አሜሪካዊው የመዘምራን መሪ፣ የሙዚቃ ደራሲና መምህር ዊልያም ሌቪ ዳውሰን ባለፈው ባቀረብኩት ጽሑፍ ሁለት ስሕተቶች ገብተዋል። አንባቢዎችን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የመጀመሪያው የዘመን ነው። በአላባማ የሚገኘውን የጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጅ የተስኪጊ ኢንስቲትዩትን መዘምራን «እስከ ዕለተ ሞቱ መርቷል» ብዬ ነበር። የመራቸው ከ1931 እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ያረፈው በ1990 ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ የሥራውን ልብ የሚነካ ነውና። «ኒግሮ ፎክ ሲምፎኒ» የተሰኘው ድርሰቱ ዛሬ የሚሰማው የኦርኬስትራ መሪው ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ በ1934 ከፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ባቀረበው መልኩ ነው ማለቴ ትክክል አይደለም። ዳውሰን በ1952 ወደ ምዕራብ አፍሪካ ተጉዞ የአገሬውን ሙዚቃ በጆሮው ሰማ። ሲመለስም ድርሰቱን እንደገና ከፍቶ ምቱን በአፍሪካዊ ስልት አጠናከረው። ስቶኮቭስኪ በ1963 በሸክላ ያስቀረጸው፣ አብዛኛውን ጊዜም የምንሰማው ይህንኑ የተሻሻለውን ነው።

ሲምፎኒው የሚከፈተው ሆርን የተባለው የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያ ብቻውን በሚያሰማው ዜማ ነው። ዳውሰን ይህን ዜማ፣ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ለባርነት ከአገሩ ሲወሰድ ከሰው ልጅ ሰንሰለት ከተነቀለው ቀለበት ጋር ያያይዘዋል። ይህን የጻፈ ሰው ዕድሜው ሃምሳ ካለፈ በኋላ ያንኑ ምድር ረግጦ ሥራውን ማደሱን መዝለሌ ትልቅ ጉድለት ነበር።

መዘምራኑ በ1932 በኒውዮርክ የሬዲዮ ሲቲ ሙዚቃ አዳራሽ መክፈቻ ላይ መዘመራቸውን የጻፍኩት ግን እንዳለ ይጸናል።