«ካልተሰነጠቀ አትንኩት» የምትለው ምክር ስንት ሞተር ትብላ?

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ የመኪና ፕሮግራም ላይ የቀረቡ ባለሙያ የዲናሞ ቺንጋን፣ ማለትም ከሞተሩ ውጪ ሆኖ ዲናሞውን፣ የውሃ ፓምፑንና ሃይድሮሊክ መሪውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ጉዳይ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ገልብጣችሁ እዩት፣ ካልተሰነጠቀና ካልጮኸ ገንዘባችሁን አታባክኑ አሉ። አቅራቢው አመስግኖ ወደ ማስታወቂያ ገባ። እንግዲህ በማግስቱ ስንት ሰው ኮፈኑን ከፍቶ፣ ቺንጋውን በጣቱ ዳብሶ፣ «ደህና ነው» ብሎ እንደዘጋው መገመት አይከብድም።

ስንጥቅ መፈለግ የድሮዋ ኮሮላ ዲኤክስ ዘመን ዘዴ ነው። ያኔ ቺንጋ የሚሠራው ኒዮፕሪን ከሚባለው ጎማ ነበር። ኒዮፕሪን በሙቀት ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በኋላ የመጡት ባለ ብዙ መስመር (በውስጥ በኩል በርዝመታቸው ሸንተረር ያላቸው) የኒዮፕሪን ቺንጋዎችም በ2.5 ሴንቲሜትር ርዝመት ላይ 3 ስንጥቅ ከታየባቸው ይቀየሩ ነበር፣ ልክም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000 ገደማ ወዲህ ግን አምራቾቹ ኢፒዲኤም ወደሚባለው ጎማ ዞረዋል። ኢፒዲኤም ቶሎ አይደርቅም። 150 ሺህ ኪሎሜትር ሄዶ አንድ ስንጥቅ ላይታይበት ይችላል። የሚያልቀው እንደ መኪና ጎማ እየተበላ ነው። ስንጥቅ የሚጠብቅ ሰው እንግዲህ የማይመጣ እንግዳ እየጠበቀ ነው።

መበላቱ ምን ያመጣል? አዲስ ቺንጋ ፑሌጃው (የሚጠመጠምበት ባለ ቦይ ክብ ብረት) ላይ የሚይዘው በመስመሮቹ ጎንና ጎን ነው። የመስመሮቹ ጫፍ የፑሌጃውን ቦይ ወለል አይነካም፣ ከሥሩ ክፍተት አለ። ጎኑ ሲበላ ቺንጋው ወደ ታች ይሰምጣል፣ ጫፉ ወለሉን ይነካል፣ ያኔ የሽብልቅነት ኃይሉ ያበቃል። 5 በመቶ የሚሆን ጎማ ብቻ ቢቀነስበት መንሸራተት ሊጀምር ይችላል። 5 በመቶ በዓይን ይታያል የሚል ካለ ይምጣ! ክረምት ላይ ደግሞ ጎርፍ የሞላው መንገድ ውስጥ ስትገቡ የሚረጨው ውሃ በዚያ ክፍተት መውጣት ነበረበት። ክፍተቱ ሲደፈን ውሃው ቺንጋውና ፑሌጃው መሃል ይቀራል፣ ቺንጋው ይንሳፈፋል። የዲናሞው ኃይል ይወርዳል፣ ባትሪው በቅጡ አይሞላም፣ ባለቤቱ ባትሪ ይገዛል። ከሁለት ወር በኋላ ያው ችግር ይመለሳል፤ አሁን ደግሞ ዲናሞው ይፈታል። መንሸራተት ሙቀት ነው። ሙቀቱ ወደ ፑሌጃው፣ ከፑሌጃው ወደ ኩሽኔታው (ፑሌጃው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ያልፋል። በበጋ የአዲስ አበባ አቧራ ይጨመርበታል፤ አቧራ ቦዩ ውስጥ ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል።

«ካልጮኸ» የምትለዋማ ከሁሉም የባሰች ናት። አውቶማቲክ መወጠሪያ ያለው ሞተር ላይ ቺንጋው ሲላላ የመወጠሪያው ስፕሪንግ እየተከተለ ይይዘዋል። የስፕሪንጉ እርምጃ እስኪያልቅ ድረስ ድምፅ የለም። ጩኸቱ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቺንጋውም መወጠሪያውም አብረው አልቀዋል ማለት ነው። ከጮኸ በኋላም ቢሆን ጩኸት ሁሉ አንድ አይደለም። ሞተሩ እየሠራ ቺንጋው በመስመሮቹ በኩል ትንሽ ውሃ እርጩበት፣ እጃችሁንና ልብሳችሁን አርቃችሁ። ጭርጭርታው ለአፍታ ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሌጃዎቹ በትክክል አልተሰለፉም፤ ከባሰበት ቺንጋው ላልቷል። ሳሙና የሚቀቡትን ግን ምን ልበላቸው? ድምፁን አጥፍተው አቧራውን ያጣብቁበታል።

ትክክለኛው ምርመራ ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ለዚሁ ተብላ የተሠራች የፕላስቲክ መለኪያ አለች። ሞተሩ ጠፍቶ በቺንጋው መስመሮች መሃል ባለው ቦይ ውስጥ ስትከቷት ከመስመሮቹ ጫፍ በላይ ብቅ ካለች ደህና፣ እኩል ከሆነች አልቋል። መለኪያ ከሌለ አዲስ ቺንጋ ከአሮጌው ጋር ፊት ለፊት አጋጥሙት፤ የአዲሱ መስመር አሮጌው ቦይ ውስጥ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ መልሱን አግኝታችኋል።

ቢበጠስስ? በመንገድ ላይ በሃያ ደቂቃ ይቀየራል ይሉናል። በጥሩ አየር፣ ሜዳ ላይ፣ መለዋወጫውና መፍቻው ካለ አዎ። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ፣ መጠምዘዣው መሃል፣ ሃይድሮሊክ መሪ በድንገት እንደ ድንጋይ ሲከብድ ግን ሃያ ደቂቃው አይታሰብም። የቪትዙ ዋን ኤንዜድ እና የኮሮላው ዋን ዜድዜድ ሞተር ባለቤቶች ደግሞ «የኔ ካቴና ነው፣ ቺንጋ አያሳስበኝም» ሲሉ ይሰማል። ካቴናው የታይሚንጉ፣ የሞተሩን ቫልቮች በጊዜያቸው የሚያስከፍተው፣ ነው! የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው የውጪው ቺንጋ ነው። እሱ ሲበጠስ ዳሽቦርዱ ላይ መጀመሪያ የሚበራው የባትሪ መብራት ነው። ሾፌሩ «ዲናሞ ነው፣ ቤት እደርሳለሁ» ብሎ ይነዳል። ውሃው አይዞርም፣ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፣ አልሙኒየም ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል። ከቺንጋው የቆጠባችሁት ገንዘብ የቴስታታ መላጫ እንኳ አይከፍልም።

ታዲያ መቼ? በአምራቾቹ ዘንድ የተለመደው ከ90 እስከ 100 ሺህ ኪሎሜትር ነው፤ ከ60 ሺህ ጀምሮ እየመረመሩ። ለእኛ ከተማ እኔ 80 ሺህ ኪሎሜትር ወይም 5 ዓመት እላለሁ፣ ቀድሞ የደረሰው። ኪሎሜትር ብቻውን ውሸታም ነው። መገናኛ ላይ ቆሞ በደቂቃ 700 ዙር የሚሽከረከር ሞተር በሰዓት 42 ሺህ ጊዜ ይዞራል፣ ቆጣሪው ግን አንዲት ቁጥር አይጨምርም። ከዱባይ የመጣ፣ ኪሎሜትሩ የማይታመን፣ የቺንጋው ዕድሜ የማይታወቅ መኪና ከሆነ ጊዜው ደርሷል ብላችሁ ቁጠሩት።

ሳይበላ የሚያስቀይር፣ ኮፒ የሚሸጥ ጋራዥ አለ፣ አልክድም። ለዚያ መድኃኒቱ ዕቃውን ማወቅ ነው፤ ቺንጋውን እስኪበጠስ መተው አይደለም። በተለይ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለና ብሩም ከተንሳፈፈ ወዲህ ያለን ሞተር ይኸው ነው። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የአሮጌውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። 6ፒኬ1200 ካለ 6 መስመር፣ 1200 ሚሊሜትር ማለት ነው፤ «ይሄም ይሆናል» የሚል ነጋዴ አይሆንም።

ከመፈታቱ በፊት የቺንጋውን አካሄድ በስልክ ፎቶ አንሱ። ሲወጣ እያንዳንዱን ፑሌጃ በእጅ አሽከርክሩ፤ የሚንኳኳ፣ የሚወዛወዝ ወይም እንደ አሸዋ የሚያንሿሿ ኩሽኔታ አብሮ ይቀየር። ያለቀ መወጠሪያ አዲሱን ቺንጋ በወራት ይጨርሰዋል። የዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ ማፍሰስ ካለ መጀመሪያ እሱ ይደፈን፣ ቦዮቹም ይጠረጉ። በካቻቪቴ እየፈነቀሉ ማስገባት ውስጡ ያለውን ክር ይበጥሳል። አንድ መስመር ከቦዩ ውጪ ከቀረ ሳምንት አይሞላውም፣ ስለዚህ ሞተሩ ሳይነሳ ሁሉንም ፑሌጃ በጣት ዳብሱ። ዋን ኤንዜድን የመሰለ በዲናሞው ብሎን የሚወጠር ከሆነ ደግሞ ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ሄዳችሁ ውጥረቱን እንደገና አሳዩ፣ አዲስ ቺንጋ ትንሽ ይለጠጣልና። ከመጠን በላይ ማጥበቅ የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይገድላል። የወጣው አሮጌ ቺንጋ ደህና ከሆነ ከነመፍቻው የኋላ ኮፈን ውስጥ ይቀመጥ፤ የተቀየረበት ቀንና ኪሎሜትር ደግሞ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከፊት ኮፈኑ ሥር ይለጠፍ።